0 የጻፈ ለምን ተሸነፈ?

ጥያቄው፦ «ደብረ ማርቆስ የሁለተኛ ዓመት የኢኮኖሚክስ ተማሪ ነኝ። መምህራችን ከ0 እስከ 100 አንድ ቁጥር በወረቀት ጽፈን እንድንሰጥ አዘዙን። የሁላችንም ቁጥር አማካይ ይወሰድና ለአማካዩ ሁለት ሦስተኛ የቀረበ ያሸንፋል አሉን። እኔ አስቤ አስቤ 0 ጻፍኩ። አማካዩ 34 ሆነ፤ 23 የጻፈች ልጅ አሸነፈች። ክፍሉ ሳቀብኝ። ከዚያ መምህሩ ራሳቸው ሰሌዳው ላይ የቲዎሪው መልስ 0 ነው ብለው ጻፉ! ታዲያ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ ወይስ ቲዎሪው? ደግሞስ ይህ ጨዋታ ምን ይጠቅማል? አባቴ መርዓዊ አጠገብ በቆጋ ውሃ ሽንኩርት ያለማል። ዓምና ሲወደድ አይቶ ዘንድሮ መሬቱን ሁሉ ሽንኩርት አደረገው፤ ረከሰበት። ሰው አርቆ አያስብም ማለት ነው?»

ወንድሜ፣ መጀመሪያ ሳቁን እርሳው። እኔም ተማሪ ሳለሁ 0 ጽፌ ተሸንፌያለሁ። አሁን ይህንኑ ጨዋታ እያጫወትኩ እንጀራዬን እበላለሁ።

ስሌትህ ስህተት የለበትም። ሁሉም ሰው 100 ቢጽፍ እንኳ ሁለት ሦስተኛው 67 ገደማ ነው። ስለዚህ ከ67 በላይ መጻፍ ለማንም አያዋጣም። ማንም ከ67 በላይ ካልጻፈ ደግሞ ከ45 በላይ መጻፍ አያዋጣም። ከዚያ ከ30፣ ከዚያ ከ20 እያልክ ትወርዳለህ። ማረፊያው 0 ነው። ሁሉም 0 ጽፎ ማንም ብቻውን ቁጥሩን ቢቀይር የሚያተርፈው ነገር የለም። ሰዎች እርስ በርስ እየተገማመቱ የሚወስኑትን ውሳኔ የሚያጠናው ጌም ቲዎሪ የናሽ ሚዛን የሚለው ይህንን ነው። መምህርህ ሰሌዳው ላይ የጻፉት ልክ ነው።

ግን ስትወርድ ሳታውቀው አንድ ነገር ይዘህ ወርደሃል። እያንዳንዱን ደረጃ አንተ ብቻ ሳትሆን የክፍልህ ልጆች በሙሉ አብረውህ መውረድ አለባቸው። በዚያ ላይ እያንዳንዱ ልጅ ሌሎቹ እንደሚወርዱ እርግጠኛ መሆን አለበት። ከኋላ ተቀምጦ ስልኩን የሚነካካው ልጅም ጭምር። 0 የሚያሸንፈው ያኔ ብቻ ነው። አንተ ስለ ቁጥሩ በደንብ አሰብክ፤ ስለ ልጆቹ ግን አላሰብክም።

ይህን ጨዋታ በሥርዓት ያጠናችው የኢኮኖሚክስ ተመራማሪዋ ሮዝማሪ ናገል ናት። ሥራዋን ያወጣችው እ.ኤ.አ. በ1995 ነው። በመጀመሪያው ዙር የተማሪዎቿ አማካይ 37 ገደማ ነበር፤ ከክፍልህ 34 ብዙም አይርቅም። ከአማካዩ ይልቅ የሚገርመው ቁጥሮቹ የተከማቹበት ቦታ ነው። በ33 እና በ22 አካባቢ ጎላ ጎላ ብለው ይታያሉ። ከ10 በታች የጻፈው ጥቂት ነው።

ለምን 33 እና 22? ምንም የማያስብ ሰው ቁጥር ዝም ብሎ ቢጽፍ በአማካይ 50 ላይ ይውላል። ይህን ዜሮ እርከን በለው። «ሌሎቹ ዝም ብለው ይጽፋሉ» ብሎ የሚያስብ ሰው የ50ን ሁለት ሦስተኛ ያሰላና 33 ይጽፋል። አንድ እርከን ወጣ። «ሌሎቹ 33 ይጽፋሉ» የሚለው ደግሞ 22 ይጽፋል። ሁለት እርከን። ከዚያ በላይ የሚወጣው ሰው በፍጥነት ይመናመናል። ካሜረር፣ ሆ እና ቾንግ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2004 ብዙ ዓይነት ጨዋታዎችን በአንድ ላይ ሲመዝኑ፣ ሰው በአማካይ አንድ ተኩል እርከን ያህል ያስባል ቢባል ውጤቱን በደንብ ይገልጻል አሉ። አንድ ተኩል! እኔ ይህን ቁጥር ሳየው ሁልጊዜ ፈገግ እላለሁ።

የላብራቶሪ ተማሪዎች ብቻ ስለሆኑ ነው እንዳትለኝ። እ.ኤ.አ. በ1997 ፋይናንሻል ታይምስ ጋዜጣ ላይ የኢኮኖሚክስ ሊቁ ሪቻርድ ታለር ይህንኑ ውድድር አወጣ። አንባቢው የገንዘብ ሰው ነው፤ አማካዩ 18.91 ወጣ፤ ያሸነፈው 13 ነው። ፖለቲከን የተባለው የዴንማርክ ጋዜጣም እ.ኤ.አ. በ2005 ደገመው። 19,196 ሰው ተሳተፈ፤ አማካዩ 21.6 ሆነ። ጋዜጣ ላይ ሲሆን ሲያወጣ ሲያወርድ የሚያድር ሰው አለ፤ ቁጥሩ ዝቅ ያለው ለዚህም ይመስለኛል። 0 የጻፉት ግን እዚያም ተሸንፈዋል። ብቻህን አይደለህም።

አሁን አንድ ነገር ልንገርህ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለመስኖ ተጠቃሚ ገበሬዎች በተዘጋጀ ስልጠና ላይ ይህንን ጨዋታ ወሰድኩት። ከምሳ በኋላ ነው፤ ሰው እያንጎላጀጀ ነው። ወረቀት አደልኩ። መጻፍ የማይፈልግ በጆሮዬ ይነግረኛል። አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ የቀበሌው የውሃ አባት ናቸው፤ የውሃ ተራ የሚዳኙት እሳቸው ናቸው። ደንቡን ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ። ከዚያ «የሚጽፉት እነማን ናቸው?» አሉኝ። «እዚህ ያላችሁት» አልኳቸው። ዘወር ብለው አዳራሹን ቃኙት፤ ረድፍ በረድፍ። «የግብርና ባለሙያው ተምሯል፣ ዝቅ ያደርጋል። እነዚህ ከመሃል አይወጡም። ያ ደግሞ አሁን ነው የነቃ» አሉና 30 ጻፉ።

እስካሁን ያስተማርኳቸው ተማሪዎች ብዙዎቹ ያን ጥያቄ ጠይቀውኝ አያውቁም። እነማን ናቸው? ጨዋታው ያለው እዚያ ላይ ነው። አግራኖቭ እና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተሙት ሥራ ይህንኑ አሳይተዋል፤ ተማሪ የሚጫወተው ከድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ጋር ነው ሲባል ዝቅ ያለ ቁጥር ይመርጣል። አእምሮው በአንድ ጊዜ አላደገም። ስለ ሌላው ያለው ግምት ነው የተለወጠው። ስለዚህ «ሰው አንድ ተኩል እርከን ያስባል» ሲባል የአእምሮው ጣሪያ ያ ነው ማለት አይደለም። ብዙ ጊዜ ሌላውን የሚገምተው እዚያ ድረስ ነው ማለት ነው።

ሽማግሌው ግን አላሸነፉም። አማካዩ 41 ሆነ፤ ሁለት ሦስተኛው 27 ከምናምን። ያሸነፉት 27 ያሉ እናት ናቸው። ለሁሉም እንዲያስረዱ ፈልጌ «እንዴት አሰቡት?» ብዬ ጠየቅኳቸው። «መድኃኔዓለም ነዋ!» አሉኝ። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ።

ስቄ አላበቃሁም፤ ሌሊቱን ሳስበው አደርኩ። ቁጥሩን ብቻ ባይ ኖሮ «ከአንድ እርከን ትንሽ አለፍ ብለው ያሰቡ ሴት» ብዬ መዝግቤያቸው ነበር። አንተንም ያሸነፈችህ ልጅ ሁለት እርከን ወጥታ ይሁን ጊዮርጊስን ብላ 23 የጻፈችው፣ ከወረቀቱ ማወቅ አይቻልም። ቁጥር የሐሳብ ጥላ ነው። ሐሳቡን ለማየት ሌላ ዘዴ ያስፈልጋል።

ተመራማሪዎች ሁለት ጥሩ ዘዴ አላቸው። አንደኛው በየምርጫው የሚገኙትን ክፍያዎች ኮምፒውተር ላይ በሳጥን መሸፈን ነው። ተጫዋቹ በማውሱ ሲጫነው ብቻ ሳጥኑ ይከፈታል። ኮስታ-ጎሜዝ፣ ክሮፎርድ እና ብሮሴታ እ.ኤ.አ. በ2001 እንዲህ አድርገው ማን የራሱን ክፍያ ብቻ እንዳየ፣ ማን የሌላውንም እንደገለጠ ተከታተሉ። የባላጋራውን ሳጥን ሳይከፍት «ስለ እሱ አስቤ ነበር» የሚል ሰው ይያዛል። ሁለተኛው ዘዴ የቡርካርዲ እና የፔንቺንስኪ ነው። ሁለት ሁለት ሰው በአንድ ቡድን ያደርጋሉ። ውሳኔው የአንዳቸው ሊሆን ስለሚችል እያንዳንዱ ለጓደኛው ለምን ይህን እንደመረጠ ጽፎ ማሳመን አለበት። ደብዳቤው ሐሳቡን ያወጣዋል። መድኃኔዓለም ካለ መድኃኔዓለም ብሎ ይጽፋል።

እኔ በጣም የምወደው ጨዋታ ግን ሌላ ነው። አራድ እና ሩቢንስታይን እ.ኤ.አ. በ2012 ያሳተሙት ነው፤ ቴል አቪቭ ላይ ያጫወቱት በእስራኤል ገንዘብ በሰቅል ነው፤ እኛ በብር እናድርገው። አንተና ጓደኛህ እያንዳንዳችሁ ከ11 እስከ 20 ብር ትጠይቃላችሁ። የጠየቅከውን ታገኛለህ። ከጓደኛህ በትክክል አንድ ብር ዝቅ ብለህ ከጠየቅክ ግን 20 ብር ይጨመርልሃል። ስንት ትጠይቃለህ? አቁምና አስብ።

20 ብትል 20 ብር እጅህ ላይ ናት፤ ምንም ማሰብ አይጠይቅም። እሱ 20 ይላል ካልክ 19 ትላለህ፤ 39 ታገኛለህ። እሱም እንዲሁ አስቦ 19 ይላል ካልክ 18 ትላለህ። አየህ፣ እዚህ ሁለት ሦስተኛ ማስላት የለም። አንድ መቀነስ ብቻ ነው፤ የአንደኛ ክፍል ሒሳብ። ሆኖም ከተጫወቱት 108 ተማሪዎች 6 በመቶው 20፣ 12 በመቶው 19፣ 30 በመቶው 18፣ 32 በመቶው 17 አሉ። ከዚያ በታች ቁጥሩ ድንገት ይሳሳል። አንድ መቀነስ የሚያውቅ ሰው ሦስት ላይ ሲደርስ የሚቆመው ሒሳቡ ከብዶት ሊሆን አይችልም። «እሱ ከዚህ በታች አይወርድም» ብሎ ነው የሚቆመው።

ሌላም ነገር አለው። እየወረድክ ሄደህ 11 ላይ ብትደርስስ? ጓደኛህ 11 ካለ ከእሱ በታች መጠየቅ አትችልም። ያኔ የሚያዋጣህ 20 ነው። ተመልሰህ ከላይ ጀመርክ። ዞሮ ዞሮ ክብ ነው። ጠለቅ ብሎ በማሰብ ብቻ የሚደረስበት የመጨረሻ ብልህ ቁጥር የለም። ይህን ክብ ያዘው፤ ወደ አባትህ ሽንኩርት ይወስደናል።

ከዚያ በፊት በአጭሩ አንድ ነገር ልጨምር፤ ክፍል ውስጥ መነሳቱ አይቀርም። ሁሉም ጨዋታ የብልጠት አይደለም። ጉት እና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1982 የጀመሩት የማካፈል ጨዋታ አለ፤ አንዱ ገንዘብ ያካፍላል፣ ሌላው ይቀበላል ወይም እምቢ ይላል፤ እምቢ ካለ ሁለቱም ባዶ ይቀራሉ። ሰው ሁሉ «ከምንም ይሻላል» ብሎ ትንሿንም ይቀበላል ብሎ ቲዎሪው ይጠብቃል። ሰው ግን ሲያንስበት ይተወዋል። ጆሴፍ ሄንሪክ እና ጓዶቹ ይህን በ15 ትናንሽ ማኅበረሰቦች ሲሞክሩት ውጤቱ እንደየአገሩ ኑሮ ተለያየ። ከተጫዋቾቹ መካከል የኬንያ ኦርማዎች ነበሩ። ለጋራ ገንዘብ የማዋጣት ጨዋታ ሲቀርብላቸው «ይህማ ሃራምቤ ነው» አሉ፤ ሃራምቤ የኬንያ የጋራ መዋጮ ልማድ ነው። እኔም እዚህ ያንኑ ጨዋታ ሳቀርብ ደንቡን ሳልጨርስ «እድር ነው እንዴ?» የሚለኝ አላጣም። ከዚያ በኋላ እንደ እድርተኛ ነው የሚጫወቱት። ሰው ባዶ እጁን ወደ ጨዋታ አይገባም።

እሺ፣ ሽንኩርቱ።

አባትህ የገቡበት ጨዋታ በሙከራ ኢኮኖሚክስ ስም አለው፤ የገበያ መግባት ጨዋታ ይባላል። ብዙ ሰዎች አሉ። እያንዳንዱ እገባለሁ ወይስ እቀራለሁ ብሎ ይወስናል። ጥቂት ሰው ከገባ የገባው ያተርፋል፤ ብዙ ከገባ የገባው ይከስራል። መነጋገር የለም። ሳይኮሎጂስቱ ዳንኤል ካነማን ይህን ሲሞክር የገባው ሰው ቁጥር ገበያው ከሚችለው ጋር እየተቀራረበ ሲወጣ ገረመው። ለሳይኮሎጂስት አስማት ይመስላል ብሎ ጻፈ፤ እ.ኤ.አ. በ1988።

ላብራቶሪ ውስጥ አስማት የሆነው ቆጋ ላይ ለምን እዳ ይሆናል?

አንደኛ፣ ላብራቶሪው ውስጥ ዙሩ ደቂቃ አይፈጅም፤ ስንት ሰው እንደገባ ወዲያው ይነገርሃል፤ ደጋግመህ ትሞክራለህ። አባትህ የሚሞክሩት በዓመት አንዴ ነው። ስንት ሰው እንደገባ የሚያውቁት ሽንኩርቱ ተነቅሎ በጆንያ ሲቆም ነው። ያኔ ደግሞ ማቆየት አይቻልም። ቀይ ሽንኩርት ጥሩ ማከማቻ ከሌለ ይበሰብሳል፣ ይበቅላል። ደላላውም ይህን ያውቃል።

ሁለተኛ፣ ካሜረር እና ሎቫሎ እ.ኤ.አ. በ1999 ጨዋታውን ትንሽ ቀየሩት። የገባ ሰው ትርፉ በችሎታው እንዲወሰን አደረጉ። ሰው በዛ፤ ከሚገባው በላይ ገባ። ሁሉም «ብዙ ሰው ይገባል፣ ግን እኔ እሻላለሁ» ይላል። ሌላውም ራሱን የሚያምን ሰው መሆኑን ይረሳዋል። ጎበዝ ገበሬ ደግሞ ይብሳል። የእኔ ሽንኩርት ይተልቃል፣ ቀድሜ አደርሳለሁ፣ ነጋዴ አውቃለሁ። ጎረቤቱም ይህንኑ እያለ ነው።

ሦስተኛውና ዋናው እርከኑ ነው። ናገል ጨዋታውን አራት ዙር ስትደግመው አማካዩ ወደ 0 እየወረደ ሄደ። ተጫዋቾቹ እየጠለቁ ሄዱ ማለት ግን አይደለም። ያለፈውን አማካይ መነሻ አድርገው ያችኑ አንድ ሁለት እርምጃ ነበር የሚራመዱት። መነሻቸው ትናንት ነው። የገበሬው መነሻ የዓምና ዋጋ ነው። ዓምና ተወደደ፤ ዘንድሮ ሁሉም ተከለ፤ ረከሰ። ዘንድሮ ረከሰ፤ ለከርሞ ሁሉም ይተዋል፤ ይወደዳል። የኢኮኖሚክስ ባለሙያው ሞርዴካይ ኢዝኪኤል ይህን ዑደት የሸረሪት ድር ብሎ እ.ኤ.አ. በ1938 በሥዕል አስቀምጦታል፤ ዋጋና ምርት እየተጠላለፉ ሲዞሩ ሥዕሉ ድር ይመስላል።

«እንግዲያው አባቴ ሁለት እርከን ያስብ፤ ሌሎች ሲተዉት ይትከል» ትለኝ ይሆናል። ጥሩ ነው፤ ጥቂት ሰው ብቻ እንዲህ እስካሰበ ድረስ። ሁሉም ሁለት እርከን ካሰበ ሁሉም ረክሶ በነበረበት ማግስት ይተክላል። የ11 እስከ 20 ክብ ይኸው መጣ። ጥልቀት ብቻውን አያድንም።

ስለዚህ እኔ ለአባትህ እርከን አልመክርም። የውሃ አባቱን ጥያቄ እመክራለሁ፤ የሚጽፉት እነማን ናቸው? ደግነቱ ሽንኩርት ራሱ ይናገራል። ችግኙ መደብ ላይ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ይቆያል። ያን ጊዜ በመንደሩ ዞር ዞር ቢሉ የጎረቤት መደብ ስፋት በዓይን ይታያል። ሰው አፉ ላይ «ዘንድሮስ ስንዴ ነው» ይልህ ይሆናል፤ መደቡ ግን አይዋሽም። ዘር ሻጩንም ቢጠይቁት ዘንድሮ ከዓምና ይበልጥ ሸጠ ወይስ አነሰ የሚለውን ያውቃል። ይህ ሁሉ ማሳው ከመተከሉ በፊት የሚገኝ ወሬ ነው። ድክመቱ ቆጋን ብቻ ማሳየቱ ነው፤ ሽንኩርት ከፎገራም ይመጣል፤ ስለዚህ እዚያ ዘመድ ካለ አንድ ስልክ ይደወል።

ከዚያ መሬቱን መክፈል ነው። ከፊሉን ሽንኩርት፣ ከፊሉን ድንች ወይም ስንዴ። ይህ ፈሪነት አይደለም። የ11 እስከ 20 ጨዋታ የናሽ ሚዛን ራሱ አንድ ቁጥር አይደለም፤ ከ15 እስከ 20 ባሉት ላይ የተከፋፈለ ዕጣ ነው። ባላጋራህ ሊያነብህ በሚችልበት ቦታ ላይ መከፋፈል የብልህ መልስ ነው። አባትህ መሬቱን ሁሉ አንድ ሰብል ሲያደርጉት አንድ ቁጥር ጻፉ። አንተም 0 ስትጽፍ ያደረግከው ይህንኑ ነው፤ ልጅ አባቱን ይመስላል።

ወደ ክፍልህ ልመለስ። መምህርህ ጨዋታውን መድገማቸው አይቀርም፤ ሁላችንም እንደግመዋለን። ሁሉም 34ን ያስታውሳል፤ ብዙው ልጅ ሁለት ሦስተኛውን ወስዶ 23 አካባቢ ይጽፋል። ሰሌዳው ላይ 0 አይተው 0 የሚጽፉ ጥቂቶች ይኖራሉ፤ ቀርተው የነበሩና ዝም ብለው 50 የሚጽፉም ይኖራሉ፤ ይካካሳሉ። እኔ ብሆን 15 እጽፋለሁ። ይህን ምላሽ ክፍሉ በሙሉ ካነበበው ግን 10።